የማቴዎስ ብድግ ማለት

እንግዳ ሲገባ «ኖር!» ብለን ብድግ እንላለን፤ እንግዳውም «በእግዜር! አይነሱ!» ይላል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ ግን፣ ይህን ሲል በዓይኑ ጥግ ማን ከመቀመጫው እንዳልተነቃነቀ እያየ ነው። እውነቱን እንነጋገርና፣ «አይነሱ» ያልነው ሰው የምሩን ቁጭ ብሎ ከቀረ፣ ቤታችን ስንመለስ የምናወራው ስለ ምግቡ አይሆንም።

ባለቤቴን ማቴዎስን ያስጨነቀውም ይኸው ነበር። ማቴዎስ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ከዳምቦያ እስከ ሙዱላ ያለውን ማሳ በእግሩ ያዳረሰ ሰው ነው። ሆሳዕና ገበያ አብረን ስንወጣ እሱ ፊት ፊት ይገሰግሳል፤ እኔ ከኋላ «ሰውዬ፣ ብቻህን አይደለህም እኮ!» እያልኩ እሮጣለሁ። ያ ሩጫ ዛሬ እንዴት እንደሚናፍቀኝ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ፓርኪንሰን የሚሉት በሽታ መጣና እጁ ተንቀጠቀጠ፣ እርምጃው አጠረ፣ ከወንበር መነሳት ዳገት ሆነበት። ከዚያ ወዲህ ዳምቦያ መሄድ እርም አለ። እናት ሆና ያሳደገችው ታላቅ እህቱ እትዬ ማርታ ያለችው እዚያ ነው። ናፍቆቷ ያንገበግበዋል። ግን «እሷ ቆማ እኔ ተጎልቼ?» ይላል።

ሆስፒታል ያገኘናት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወጣት ናት፤ ማባበል አታውቅም።

«ጋሼ፣ ስፖርቱ በሽታውን አያጠፋውም። መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይውሰዱ፤ ጉልበትዎን ግን እናጠንክረው። ጡንቻ ካላሠሩት ያኮርፋል።»

ከዚያ አሳየችን፤ ወንበሩ ግድግዳ ተደግፎ፣ እግር ወደ ኋላ ተስቦ፣ ደረት ወደ ፊት ዘንበል ብሎ፣ ብድግ! ሲቀመጡ ደግሞ ዘፍ ሳይሆን ቀስ። እኔም እንዳይወድቅ አጠገቡ እቆማለሁ።

ሳሎናችን ጂም ሆነ። ውኃ የሞላ ጠርሙስ በየእጁ ያነሳል፤ ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ይቆጣል። አንዳንድ ቀን ጭራሽ እምቢ ይለዋል፤ ያን ቀን ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ። ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባ ግን ያለ እኔ እጅ ተነሳ። ቆሞ በመስኮቱ ውጭውን ሲያይ ቆየና «ዳምቦያ እንሂድ» አለኝ።

ሄድን። እትዬ ማርታ ጎረቤት ልትጠይቅ ወጥታ ስለነበር ቤቷ ተቀምጠን ጠበቅናት። በሩ ላይ ብቅ ስትል ማቴዎስ እግሩን ወደ ኋላ ሳበ፣ ዘንበል አለ፣ አቃተው። እጄን ልዘረጋ ስል በዓይኑ ከለከለኝ። እንደገና ዘንበል አለ። ቆመ። እየተንቀጠቀጠ፣ ግን ቆመ።

እትዬ ማርታ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ በከምባትኛ ታወራዋለች፤ እሱ ይስቃል፣ ያለቅሳል።

«ምን አለችህ?» አልኩት ቆይቼ።

«‹ይህን ሁሉ ጊዜ የቀረኸው ለዚህ ነው? በሸክም ብትመጣስ፣ ጎንበስ ብዬ እስምህ የለም ወይ?› አለችኝ።»

በሽታው ዛሬም አብሮን አለ፤ መልመጃውም አልቀረም። ዳምቦያ ግን ቶሎ ቶሎ እንሄዳለን። ጉልበቱ እሺ ያለው ቀን ተነስቶ ያቅፋታል። እምቢ ያለው ቀን ደግሞ እሷ ጎንበስ ትላለች።