«ይህን ማን አስያዘሽ?»

ማንም ሰው፣ በአፉ ባይናገረውም፣ በሕይወቱ አንድ ቀን ስሙ በማይክሮፎን ሲጠራ መስማት ይፈልጋል። የቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ አይቆጠርም፤ ሲነበብ ባለቤቱ አይሰማውም። እኔ የምለው ሰው በሞላበት አዳራሽ «እሱ ባይኖር ኖሮ» ተብሎ መጠራትን ነው። ይህን መመኘት ኃጢአት ነው? ነው ይላል ፓስተራችን። እኔም አሜን ብያለሁ። ከአሜን በኋላ ግን ሱፌን ላውንደሪ አስገባሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤቴ ከድር ሽሮ ሜዳ ለሸማኔዎች ክር ይሸጣል። እኔ ጳውሎስ አካባቢ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ፤ እሑድ እሑድ ቸርች ውስጥ ቫዮሊን እጫወታለሁ። የከድር ልጅ ሰሚራ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ በአጥሩ ቀዳዳ ስታዳምጠኝ ከርማ፣ አንድ ቅዳሜ እናቷን እየጎተተች መጣች። ከድር አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ፤ መዝሙር እንዳታስተምራት አለኝ። አይዞህ አልኩት፤ እኔ ስጫወተው መዝሙር መሆኑን የኛም ምእመን አይለየውም።

ስምንት ዓመት አስተማርኳት። እናቷ በሩ አጠገብ ሹራብ እየሠራች፣ እኔ በእግሬ ምቱን እየቆጠርኩ፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ እያላዘነ። ከዚያ የትምህርት ዕድል አግኝታ ባሕር ማዶ ሄደች።

ዘንድሮ ፒያኖ ከሚጫወት ፈረንጅ ጋር ተመልሳ መጣች። መሃል ከተማ ባለ አንድ አዳራሽ፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ኮንሰርት ተዘጋጀላቸው። ለከድር ሁለት የጥሪ ካርድ ደረሰው። ሚስቱ አገር ቤት የታመመች እህቷን ልታስታምም ስለሄደች ሁለተኛውን ለኔ ሰጠኝ። «ከእናቷ ቀጥሎ አንተ ነህ» አለኝ። እኔን ድንገት ስታይ ትደሰት ብለን ለሰሚራ አልነገርናትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ።

በሚኒባስ ስንወርድ፣ ስሜ ሲጠራ ቆሜ የምላትን አሰላስል ነበር። «እኔ ምንም አላደረግኩም፤ ሁሉም የራሷ ጥረት ነው» የምትል አጭር ነገር መረጥኩ። ትሕትና ሳይዘጋጁበት አያምርማ!

አዳራሹ ውስጥ እንኳን የሚያወራ፣ የሚያስለውም ሰው በዓይኑ ይቅርታ ይጠይቃል። የክላሲክ ሙዚቃ ክፋቱ ዜማው አይደለም፤ መቼ እንደሚጨበጨብ አለመታወቁ ነው። ሰሚራ የመጀመሪያውን ክፍል ጨርሳ የቫዮሊኗን ደጋን ስታወርድ ከድር ብቻውን አጨበጨበ። እጁን ለቀም አደረግኩት። «ገና ነው፤ ሦስት ክፍል አለው» አልኩት በባለሙያ ድምፅ። ከፊታችን የተቀመጡት ሴትዮ ዞረው አዩኝ፤ እውቀቴን ያደነቁ መሰለኝ። ምስኪን ከድር ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ እንኳ እጁን ጉልበቱ መሃል ቀብሮ እኔን ያየኝ ጀመር። «አሁን ይቻላል» አልኩት። አባት ለገዛ ልጁ እንዲያጨበጭብ ፈቃድ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ እስከዚህ ደርሼ ነበር!

አጨዋወቷስ? በሱ አልዋሽም። በኔ እጅ እንደ ዛገ በር ሲንቋቋ የኖረው ክር በሷ እጅ አንደበት አወጣ። እንባዬ መጣ። የደጋን አያያዟ መለወጡንም አይቻለሁ፤ የእጇ አንጓ ላላ ብሏል፣ ትንሿ ጣቷ ታጥፋለች። የውጭ አገር አመል ነው ብዬ አለፍኩት።

ሲያበቃ የመድረክ መሪው ማይክሮፎን ሰጣት። ፒያኒስቱን አመሰገነች። እዚያ ያስተማሯትን ፕሮፌሰር አመሰገነች። አባቷን አመሰገነች፤ ከድር ብድግ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። እኔም የኮቴን ቁልፍ ቆለፍኩ። የመድረክ መሪው፣ እግዜር ይስጠውና፣ በልጅነትሽ እንዴት ጀመርሽ አላት።

ሳቀች። «እኛው ሰፈር ነው የጀመርኩት። እዚያ እንደደረስኩ ፕሮፌሰሬ እጄን አዩና መጀመሪያ ያሉኝ፣ ‹ይህን ማን አስያዘሽ?› ነው። በቃ፣ የተማርኩትን ለመርሳት ብቻ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ከሁሉም የኔ ድምፅ ይበልጥ ነበር፤ ሴትዮዋ እንደገና ዞረው አዩኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ? እኔን አስተማሪ አላስተማረኝም። የተማርኩት ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ነው፤ ሲደርሰኝ ፊቱ ተገንጥሎ ከገጽ አሥራ ሦስት ይጀምር ነበር። በጠፉት አሥራ ሁለት ገጾች ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር ያን ቀን ገባኝ፤ ደጋን እንዴት እንደሚያዝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ደግሞ ሞኝም ነኝ፣ ወረቀትም ይዣለሁ። እንግዲህ በምን ልቆጣ? ልጅቷ አልዋሸችም። ውሸት ብትናገር ኖሮ ቢያንስ እቀየማት ነበር።

ከድር አልሳቀም። «ልጅ ናት» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ልክ ናት» አልኩት።

«ልጅ ናት አልኩህ» አለ ደግሞ፣ እጄን ጨብጦ።

ሹልክ ብዬ ልወጣ ስል ሰሚራ ከመድረክ ወርዳ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ከትከሻው በላይ አየችኝ። ደም ከፊቷ ላይ ሲሸሽ በዓይኔ አየሁት። «ጋሼ... መጥተዋል እንዴ?» አለች። ካፍ ከወጣ አፋፍ። መጥቻለሁ አልኳት፤ እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ ግሩም አድርገሽ ተጫወትሽ አልኳት። ጎንበስ ብላ ትከሻዬን ሳመችኝ፣ ቀና ማለት ግን አቃታት።

ይኼኔ ፒያኒስቱ ላቡን እየጠረገ መጣ። እጁን ዘረጋልኝና ማን እንደሆንኩ በእንግሊዝኛ ጠየቃት።

«እሳቸው...» አለች ሰሚራ በአማርኛ። «እሳቸው እኮ...» ከድር ጉሮሮውን ጠረገ። ልጅቷ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ስታስብ ከንፈሯ እንዲያ ሲሆን ስምንት ዓመት ሙሉ አይቻለሁ።

ቀደምኳት። በምችላት እንግሊዝኛ፣ «ኔይበር» አልኩት። «ጎረቤት ነኝ።» ፈረንጁ ደስ ብሎት እጄን ናጠው።

ወደ ሰሚራ ዞርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የኔን ስህተት ስታርም የኖረች ልጅ፣ ይቺን አላረመችም።