ለይቅርታ የሚበቃ ድንጋይ

ሰው ምሕረትን የሚወደው ለራሱ ሲሆን ነው ይባላል። ውሸት ነው፤ ለራሳችንም ቢሆን አንወደውም። እስቲ ልብ በሉ፤ የበደላችሁት ሰው «ተወው፣ ይቅር ብዬሃለሁ» ሲላችሁ ፊታችሁ ፈገግ ቢልም ውስጣችሁን አንድ ነገር አይቆረቁራችሁም? ትንሽ ተገሥጸን፣ ጥቂት ጾመን፣ ጉልበታችን እስኪላጥ ሰግደን ብንገላገለው እንመርጣለን። በነጻ የተሰጠ ነገር ያስፈራል። ቅጣት ግን ወዳጅ ነው፤ ቅጣቱን የጨረሰ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል።

በተለይ እንደ እኔ ፍኖተ ሰላም ቢሮ ውስጥ በአንቀጽና በንዑስ አንቀጽ መካከል ያረጀ ሰው፣ መመሪያ የሌለው ነገር ሲገጥመው እንደ ጠፋ በግ ነው የሚሆነው። ለሁሉም ነገር ቅጽ አለኝ። ለጸጋ ግን ቅጽ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ሲሞት ከማንኩሳ አለፍ ብሎ ባለው መንደራችን አንዲት ቁራሽ መሬት ቀረችልኝ። የምትዋሰነው ከአጎቴ ከአያ አዱኛ ማሳ ጋር ነው። አያ አዱኛ አጎቴ ብቻ አይደሉም። ትምህርት ቤቱ ለእሳቸው ቤት ይቀርባል ተብሎ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያደግሁት በእሳቸው እጅ ጉርሻ ነው። ታዲያ ከአራት ዓመት በፊት አንድ ነገረኛ «አጎትህ ድንበር ገፉብህ» አለኝ። ሄጄ ልይ እንኳ አላልኩም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ጸበል ጸዲቅ ለመቅመስ በተቀመጠበት ተነሥቼ፣ «አጎቴ የሟች ወንድማቸውን ድንበር ገፍተዋል» ብዬ ተናገርኩ። እሳቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ። ኋላ እኔ በሌለሁበት ማሳው ሲለካ ድንበሩ አያቴ ካስቀመጡት ቦታ ንቅንቅ አላለም። እኔስ ምን አደረግሁ? ሜትሩን ተጠራጠርኩ።

አራት ዓመት ሳንነጋገር ከረምን። በዚህ መሐል ከባለቤቴ ጋር ልንቆርብ ተነሣንና የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉን ሰሙኝና «መጀመሪያ ከአጎትህ ታረቅ፤ ያለዚያ ቁርባኑ ይቆይ» አሉኝ። አጎቴን ዓይናቸውን ማየት አፈርኩ። «አባቴ፣ መቶ ስግደት ይጨምሩብኝና ከዚህ መንገድ ይገላግሉኝ» ብዬ ለመንኩ። እምቢ ሲሉኝ ሁለት መቶ አልኩ።

«ስግደቱ ያንተን ጉልበት ያላላው ይሆናል፤ ለእሳቸው ልብ ምን ይፈይዳል?» አሉኝ።

በአገራችን ክፉ በደል የበደለ ሰው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ ደጅ ጎንበስ ብሎ ይቆማል። ተበዳዩ ድንጋዩን ካወረደለት ታረቁ ማለት ነው። ችግሩ፣ ድንጋዩ ምን ያህል መሆን እንዳለበት የተጻፈ የለም። ቢያንስ ንቀት ነው፤ ቢበዛ ታይታ ነው። ቡሬ ለምትኖረው ታላቅ እህቴ ደውዬ ብጠይቃት «አንገትህ የሚችለውን» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

ቅዳሜ ጧት አስታራቂ ሽማግሌ ይዤ ወጣሁ። ሽማግሌው መሪጌታ ፈንታ ናቸው፤ ኦሪቱንም ሐዲሱንም ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ ልባቸው ግን ወደ ኦሪቱ የሚያደላ አዛውንት። ባጃጁ መንገዱ ካለቀበት አወረደንና በእግር ቀጠልን። እሳቸው ፊት ፊት ይሄዳሉ፤ እኔ ከኋላ ድንጋይ አማርጣለሁ። የአጎቴ ግቢ ሲታየን፣ ማሳ ዳር ሣር መሐል ግማሽ አካሉ የተቀበረ ለስለስ ያለ ድንጋይ አገኘሁ። አላነሰም፣ አልበዛም። ነቅነቅ አድርጌ ነቀልኩትና ማጅራቴ ላይ ጫንኩት።

ከደጃቸው ቆሜ «ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። አጎንብሼ ስለነበር የሚታየኝ የአጎቴ እግር ብቻ ነው። እግሩ ቀረበና ቆመ። ከአራት ዓመት በኋላ ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

«ከዚያ… ከማሳው ዳር።»

«ይህ እኮ ያንተና የእኔ ድንበር ነው» አሉ ረጋ ብለው። «ገፉብኝ ያልከው ይህንኑ ነበር። አታውቀውም ኖሯል?»

አላውቀውም ነበር። በሕዝብ ፊት ስማቸውን ያጠፋሁበትን ድንጋይ አንድም ቀን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። በመንደሩ ያን ድንበር የነቀለ ሰው ቢፈለግ የሚገኘው እኔ ነኝ፤ ያውም ለይቅርታ ስመጣ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ድንበር የነቀለ በኦሪቱ የተረገመ ነው። አሁን በደሉ ሁለት ሆነ። ሁለት በደል ደግሞ በአንድ ድንጋይ አይወርድምና፣ ይሂድና ሌላ ያምጣ» ሲሉ በየኑ። እውነቱን ልንገራችሁ? ፍርዱን ስሰማ ቀለል አለኝ።

«ይተዉት እባክዎ፣ መሪጌታ» አሉ አጎቴ። «ሌላ አምጣ ቢሉት የማንን ድንበር ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅም።»

ይህን ብለው ድንጋዩን ከማጅራቴ አነሡት። «ይቅር ለእግዜር» አሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ ግን ሌሊቱን ያጠናሁት ንግግር ነበረኝና «አያ፣ ያን ጊዜ የተናገርኩት…» ብዬ ጀመርኩ።

«ያንንማ የዚያኑ ዕለት ቤቴ ሳልደርስ ትቸልሃለሁ፣ ልጀ። የዘገየኸው አንተ ነህ።»

አለቀስኩ። ጎልማሳ ሰው በሰው ደጅ እንዲህ አያለቅስም፤ እኔ ግን አለቀስኩ።

አጎቴ ድንጋዩን ትከሻቸው ላይ አድርገው ከግቢው ወጡ። «እኔ ልያዘው» ብል «ቦታውን አታውቀውም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እሳቸው ከነድንጋዩ ፊት ፊት፣ እኔ ኮት ለብሼ ባዶ እጄን ከኋላ ከኋላ ስንሄድ፣ ወደ ማንኩሳ ገበያ የሚሻገሩ አንዲት የማናውቃቸው እናት ቅርጫታቸውን እንደያዙ ቀጥ አሉ።

«ምነው ልጀ» አሉኝ፣ «እኒህን የመሰሉ ሽማግሌ ድንጋይ አሸክመህ ትነዳለህ? ምን ቢያጠፉ ነው? ክርስቲያን አይደለህም እንዴ?»

ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። አጎቴ ቀደሙኝ፤ «ለምኝልኝ እስቲ፣ እቴ» አሏቸው ድንጋዩን እንደተሸከሙ።

ሴትዮዋ ቅርጫታቸውን መሬት አስቀምጠው «ስለ ማርያም ብለህ ይቅር በላቸው» እያሉ ይለምኑኝ ጀመር። ይቅር ካላልኩ የሚነሡ አይመስሉም። ምን ላድርግ? «ይቅር ብያለሁ» አልኩ። የአጎቴ ትከሻ ከድንጋዩ ሥር ይንቀጠቀጥ ያዘ። ከብዷቸው መስሎኝ ልቀበላቸው ሮጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው።