በአብሽር የተለሰነ ቤት

«አብሽር» ቤት ያሻሽጣል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔም አላምንም ነበር። እኛ ወሎዎች ለታመመውም፣ ፈተና ለወደቀውም «አይዞህ» ስንል አብሽር እንላለን። ቃሏ ደግ ናት። ክፋቷ ግድግዳ ላይ ስትለሰን ነው።

ሐይቅ ከተማ ቤት ልገዛ ከባለቤቱ ከጋሽ ይማም ጋር ተዋዋልኩ። ጉድለት ከተገኘበት መተው እንደምችል ውሉ ላይ ሰፍሯል። እናም ቤቱን የሚያይልኝ ግንበኛ ይዤ ሄድኩ። ግንበኛው የግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ እጁን ቢሰድ እስከ ክንዱ ገባ።

«አብሽር!» አሉ ጋሽ ይማም። «ቤት አየር ካላገኘ ይታፈናል።»

ቀና ብንል በጣሪያው ሰማይ ይታያል።

«አብሽር! ቀን ቀን አምፖል አታበራም።»

ግንበኛው የወለሉን ውሃ ልክ ሊያይ ከኪሱ ሎሚ አውጥቶ አስቀመጠ። ሎሚው ሳሎኑን አቋረጠ፣ ደፉን ዘለለ፤ እኔማ ሐይቁ ውስጥ ሳይገባ የሚቆም አልመሰለኝም።

«አብሽር!» አሉ አሁንም። «ቤቱ ሐይቁን ሊያይ ጎንበስ ብሎ ነው!»

እንዲህ ያለውን ሰው በምን አንጀት እምቢ ይሉታል? እንደ ምንም ጨክኜ፣ «ጋሽ ይማም፣ ውሉን ላፈርሰው ነው» አልኳቸው።

ፊታቸው ጠየም አለ። ሆዴ ባባና አፌ የለመደውን አመጣ፦

«አብሽሩ ጋሽ ይማም። ቤቱ በላዬ ከሚፈርስ ውሉ ይፍረስ።»

አፍታ አዩኝና በሳቅ ፈነዱ። እየሳቁ ግድግዳውን ሊደገፉ ሲሉ ግንበኛው ጮኸ፦

«ኧረ እሱን አይደገፉ!»