ሽጉጦቹ ዝም ካሉ ወዲህ የተደረገ አስቸኳይ ስብሰባ

የኩርኪላህቲ ኢላማ ተኳሾች ማኅበር ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ የኦገስት የመጨረሻው እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ
ቦታ፦ የተኩስ ሜዳው ሳውና፣ ልብስ መለወጫ ክፍል
የተገኙ፦ ሊቀ መንበር አቶ ታይስቶ፣ አሠልጣኝ ወ/ሮ ሂልካ፣ አንጋፋው አባል አቶ ኡርፖ፣ ጸሐፊ ራይሊ
ያልተገኙ፦ ምክትል ሊቀ መንበሩ። እንጉዳይ ለቀማ ጫካ ገብተዋል፤ የት ጫካ እንደሆነ ለመናገር ፈቃደኛ አልሆኑም።
ምልዓተ ጉባኤ፦ ሦስት ሰው ይበቃል። አቶ ኡርፖ የጆሮ መሸፈኛቸውን አላወልቅም ስላሉ በግማሽ ቢቆጠሩም ተሟልቷል።

አጀንዳ አንድ፦ መሬቱ

የምንተኩስበት መሬት ከሐይቁ ማዶ የሚኖሩት የወ/ሮ አውኔ ነው። የኪራይ ውሉ ነገ ያበቃል። ወ/ሮ አውኔ በረዶው ሲቀልጥ «የእሑዱ ጩኸት ካልቆመ አልፈርምም» የሚል ወረቀት በራችን ላይ ለጥፈው ነበር። ሊቀ መንበሩ ይህን ሜዳ አባታቸው በአካፋ እንደደለደሉት አስታወሱ። ጸሐፊዋንም አንጀቷን በልቷታል፤ ይመዝገብ ስላለች ተመዝግቧል።

ወ/ሮ ሂልካ እስከ ዛሬ ሄዶ ያነጋገራቸው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ሊቀ መንበሩ «ዝም ተብሎ ሰው ቤት ይኬዳል እንዴ?» አሉ። ኮሚቴው በዚህ በሙሉ ድምፅ ተስማማ።

አጀንዳ ሁለት፦ የድምፅ ማፈኛዎቹ ሙከራ

በበጋው መግቢያ በተወሰነው መሠረት ራሳቸውን የሚያቀባብሉት ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጦቹ ሁሉ ማፈኛ ተገጥሞላቸው ዛሬ ጠዋት በሊቀ መንበሩ እጅ ተሞከሩ። ወ/ሮ ሂልካ ድምፁ በፊልም እንደሚታየው ሹክሹክታ ባይሆንም በር ተወርውሮ ሲዘጋ ያህል መውረዱን ገለጹ። ይሁን እንጂ ሽጉጦቹ አንድ ጥይት በተኮሱ ቁጥር ባዶ ቀለሁን ነክሰው እንደሚቀሩ፣ ምክንያቱም አፈሙዙ ዘንበል ሳይል ሽጉጡ ራሱን እንደማያቀባብል፣ ጫፉ ላይ ያ ሁሉ ብረት ተንጠልጥሎበት ደግሞ እንደልቡ እንደማይዘነብል አስረዱ። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ባለ ሞላ ማያያዣ ነበር፤ ሊቀ መንበሩ «ትርፍ ነገር» ብለው ከግዢው ሰርዘውታል።

ሊቀ መንበሩ፦ «የአደን ጠመንጃዬ ላይ ማፈኛ አለ። ስንት አጋዘን ጥዬበታለሁ፤ ሞላ የሚባል ነገር ጠይቆኝ አያውቅም!»

ወ/ሮ ሂልካ፦ «አንተ ሰውዬ፣ እሱን እኮ በእጅህ ነው የምታቀባብለው!»

ሊቀ መንበሩ ምድጃው ላይ ያለውን ቋሊማ ለመገልበጥ ፈቃድ ጠየቁ። ተፈቀደላቸው።

አቶ ኡርፖ በበኩላቸው ለእያንዳንዱ ሽጉጥ አንድ ጥይት ብቻ ቢሰጠው መንከሱ እንደማይታወቅበት አሳሰቡ። ወ/ሮ ሂልካ «ይኼ ምን የሚሉት ዕብደት ነው?» የሚል የማሻሻያ ሐሳብ አቀረቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ አንድ ጥይት ብቻ እንዲጎረስ፣ ከመተዳደሪያ ደንቡም «ከፊል አውቶማቲክ» የሚለው እንዲሰረዝ ተወሰነ። ለወ/ሮ አውኔም «ጸጥታ ሰፍኗል» የሚል ወረቀት በራቸው ላይ እንዲለጠፍ ተወሰነ፤ ለጣፊው ማንም ሳያየው እንዲመለስ አደራ ተባለ።

አጀንዳ ሦስት፦ ያልተያዘ

ወ/ሮ አውኔ ሳያንኳኩ ገቡ።

«አንተ ታይስቶ! ድሮ ድው ሲል ድው ነው። ዛሬ ግቢዬ ውስጥ መዘምራኑን ሰብስቤ፣ ቄሱም ተጋብዘው፣ መዝሙር ጀመርን። ከወዲህ ትንሽ ጠብ ይላል፤ ከዚያ ሐይቁን ተሻግሮ ‹ሰይጣን!› የሚል እርግማን ይመጣል። ‹አምላኬ ሆይ› ስንል ‹ሰይጣን!›፣ ‹አንተን እጠራለሁ› ስንል ‹ሰይጣን!›። አንድ ስንኝ እንኳ አላሳለፋችሁንም!»

ሊቀ መንበሩ ተሳዳቢው ከሌላ መንደር የመጣ ሊሆን እንደሚችል ጠቆሙ።

«የአባትህን ድምፅ ነው የያዝከው፤ ለኔ ይጠፋኛል?» አሉ ወ/ሮ አውኔ።

ወ/ሮ ሂልካ ያን በራችን ላይ የተለጠፈውን የ«አልፈርምም» ወረቀት አንስተው ጠየቋቸው። ወ/ሮ አውኔም «እሑድ እኛ ስንዘምር ታገሡን ለማለት እኮ ነው። አንዳችሁ ብቅ ብትሉ ነግሬያችሁ ነበር፤ ቡናም ነበረ፣ ኬክም ነበረ» አሉ። ቀጥለውም ቀስ ብለው «ባሌ ከሞተ ወዲህ ተኩሳችሁን ስሰማ ሰው አለ እላለሁ። ዛሬ ተኩሱ ሲጠፋብኝ ጨነቀኝ» አሉ።

ከዚያም ጸሐፊዋን እስክሪብቶ ጠይቀው ውሉን ፈረሙ።

ውሳኔ

በአጀንዳ ሁለት የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ማፈኛዎቹ ከሽጉጦቹ ይወልቃሉ፤ «ከፊል አውቶማቲክ» ወደ ደንቡ ይመለሳል፤ ዝማሬ እስኪያልቅ አይተኮስም። ለሊቀ መንበሩ አፍ ማፈኛ ይፈለግ የተባለው ከአንድ ተቃውሞ በቀር አልፏል።

ስብሰባው ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተዘግቶ ነበር፤ ሆኖም ሊቀ መንበሩ በመጪው እሑድ ወ/ሮ አውኔ ቤት ራሳቸው በእግራቸው ሄደው ቡና እንዲጠጡ ስለታዘዙ፣ «ገብቼ ምን ልበል?» በሚለው ጥያቄያቸው እንደገና ተከፈተ። ከረጅም ውይይት በኋላ «ደኅና ዋሉ» እንዲሉ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል።