ሰባ ቀን የፈጀችው ፈቃድ

በየአገሩ፣ ዕቃ እጁ ሲገባ ከመጠቀሙ በፊት ገልብጦ የሚያይ አንድ ሰው አይጠፋም። መጥረቢያ ብታውሱት እጀታውን ቀይሮ ይመልስላችኋል። በእንግድነት ብትጠሩት ምግቡን ትቶ የበራችሁን መወርወሪያ ሲመረምር ታገኙታላችሁ። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት አገር ሰላም ውሎ ሰላም ያድራል፤ ችግሩ፣ ካደረበት አይነቃነቅም።

የባሕር ዳሩ አሻሻይ ታንኳ ሠሪው አያ አብዱልወሃብ ነበሩ። በሙሉ ማዕረጋቸው ብጠራቸው ደስ ይለኛል፦ የጣና ሊቀ ጠበብት፣ የደንገል ሐኪም፣ የባለቤታቸው የእትዬ መዲና የዘወትር ፈተና። ማንኛውንም ነገር ሲያዩ አንገታቸውን ወደ ግራ ያዘነብሉና «መልካም ናት፤ ግን ትሻሻላለች» ይላሉ። በአንድ ሠርግ ላይ ይህንኑ ስለ በቅሎዋ ኮርቻ ቢናገሩ፣ ሚዜዎቹ ስለ ሙሽራዋ መስሏቸው ከዳሱ አስወጧቸው።

አንድ ጊዜ በመረባቸው ዙሪያ ቃጭል አንጠለጠሉ። «ዓሣ ሲገባ ይነግረኛል» አሉ። ቃጭሉ በእርግጥ ተናገረ፤ ቀድመው የሰሙት ግን ዓሦቹ ነበሩ። ሳምንቱን ሙሉ እቤታቸው ሽሮ ተበላ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ዓሣ ማድረቂያውን ቆጥ ከድመት ለማራቅ ሁለት ክንድ ከፍ አደረጉት። ድመቷ አዘነች፤ አሞራው አመሰገነ።

«አንቱ ሰውዬ» ይሏቸዋል እትዬ መዲና፣ «ቃጭሉን በአንገትዎ ላንጠልጥለው? ሌላ ነገር ሊያሻሽሉ ሲመጡ ልብ እንድል።»

በ1930 ዓ.ም. ግን አያ አብዱልወሃብ እውነተኛ ነገር ሠሩ። የደንገል ታንኳ ከባሕር ሣር ስለምትታሰር ውኃ እየጠጣች የምትሄድ ናት፤ የጫነችው ይረጥባል፤ ሁለት ወር ሳይሞላትም ትበሰብሳለች። እሳቸው ሁለት ታንኳ ጎን ለጎን አድርገው በእንጨት አጋጠሙ፤ በላዩ ላይ ከፍ ያለ ርብራብ ሠርተው በልጥ አሰሩት። ከዘጌ ቡና የምታመጣው ወለተ ኪዳን መጀመሪያ የተሳፈረች ዕለት፣ ከታንኳዋ ወርዳ የቀሚሷን ጫፍ ዳሰሰች፤ ጆንያውን ዳሰሰች፤ ደግሞ ቀሚሷን ዳሰሰች።

«ደረቅ ነው!» ብላ ጮኸች። «አያ አብዱልወሃብ፣ እናንተ ቤት ቁም ነገርም ይሠራል እንዴ?»

ጣሊያን በዚያው ዓመት ባሕሩ ዳር ቢሮ ከፈተ። አርበኞች በውኃ እንዳይሻገሩ ብሎ፣ ታንኳ ሁሉ ፈቃድ ያውጣ፣ ቁጥር የተጻፈበት ጣውላም ይታሰርበት ሲል አዘዘ። ፈቃድ የሌላት ትቃጠላለች፤ ባለቤቷም ሁለተኛ ባሕሩን አይነካም። እኔ ያን ጊዜ ማመልከቻ የምጽፍ ደብተራ ነበርሁ። ለአያ አብዱልወሃብ አንድ አሳምሬ ጽፌ አብሬያቸው ሄድሁ። የተቀበለን አስተርጓሚው ተክለ ጊዮርጊስ ነው፤ ሹሙ ጣሊያን ከበስተኋላው ተቀምጦ ይጽፋል።

«አንድ ናት ወይስ ሁለት?» አለ ተክለ ጊዮርጊስ።

«ስትሄድ አንድ፤ ለመድረቅ ስትፈታ ሁለት» አሉ አያ።

«መዝገቡ ለእንዲህ ያለ ነገር ቦታ የለውም።»

«እንግዲያ መዝገቡ ይሻሻላል።»

ተክለ ጊዮርጊስ ይህንን አልተረጎመውም። እስከ ዛሬ በሕይወት የኖርነው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ጉዳዩ ወደ ጎንደር ተላከ። ጎንደር አሰበበት። በሰባኛው ቀን ማኅተም ያለበት ፈቃድና ቁጥር የተጻፈበት ጣውላ መጣ። ታንኳዋ ግን በስብሳ ደንገሏን እትዬ መዲና ለፍየሎች አንጥፈውታል። አያ አዲስ ሠርተው ጣውላውን ቢያስሩባት፣ የወደቡ ዘበኛ «ፈቃዱ የዚያችኛዋ ነው» አለ። እውነቱን ነው። ሁለተኛ ማመልከቻ ጻፍሁ። ሁለተኛው ፈቃድ ሲደርስ ሁለተኛዋም ታንኳ ፍየሎቹ ሥር ናት። በዚያ ዓመት በጣና ላይ ፈቃድ ያላት ታንኳ ሁሉ የበሰበሰች፣ ያልበሰበሰች ሁሉ ደግሞ ፈቃድ የሌላት ነበረች።

ሌላው ሰው መላ አገኘ። ዘበኛው ሁለት ዓሣ ሲሰጡት ፊቱን ወደ ተራራው ያዞራል። የአያ ታንኳ ግን ከሩቅ ስለምትታወቅ፣ ወደ ተራራውም ቢያዞር ሰው ይጠይቀዋል።

«አያ፣ የአባቶቻችንን ዓይነት ሥሩ» አላቸው ጎረቤታቸው መስዑድ። «አሮጌ ነገር የሚጠይቀው የለም። በአዲስ ነገር ነው ሰው የሚከሰሰው።»

ግማሹ መንደር መንታ ታንኳ ለመሥራት ልጥ ልጦ ነበር። የመስዑድን ምክር ሰምቶ በልጡ ፍየል አሰረበት።

ሦስተኛዋን ታንኳ ዘበኛው ጎትቶ የብስ ላይ አወጣትና «ሰኞ ትቃጠላለች» አለ። ቅዳሜ አያ ቤት ሄድሁ። አንገታቸው አልዘነበለም፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከዚያ በፊት እንዲያ ሆነው አላየኋቸውም።

«ደብተራ» አሉኝ፣ «አባቴም አያቴም ከዚህ ውኃ ወጥተው አያውቁም። በየብስ ላይ ሰው ምን ሲሠራ ይውላል?»

እትዬ መዲና የባላቸውን ጋቢ በመርፌ እየጠቀሙ ነበር። «አይ ወንዶች!» አሉ ዓይናቸውን ከመርፌው ሳያነሱ። «ይህን ጋቢ ስንት ጊዜ ጠቀምሁት። ከድሮው ክር አንድ ስንዝር የቀረው አይመስለኝም። ጋቢው ሌላ ሆኗል ብሎ የነጠቀዎ አለ?»

አያ ቀስ ብለው አንገታቸውን ወደ ግራ አዘነበሉ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ የገቡት ጣውላውን በብብታቸው ይዘው ነው። ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና «ታንኳዬ ይህች ናት» አሉ።

«ይህማ ጣውላ ነው» አለ ተክለ ጊዮርጊስ።

«ቁጥሩን እይ። ፈቃድ የተሰጣት እሷ ናት፤ አልበሰበሰችም። ደንገሉ ሲያረጅ እለውጥላታለሁ። ያ ጥገና ነው። ጥገና ፈቃድ ይፈልጋል?»

ተክለ ጊዮርጊስ በዚህ ጊዜ አንድም ሳያስቀር ተረጎመ። ሹሙ የደንብ መጽሐፉን አወጣ። ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለጠ። ስለ ጥገና የተጻፈ አልነበረም። ጣውላውን አነሣ፤ አያን አየ፤ ከዚያ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀና ፈረመ።

ሲደሰት ግን አበዛው። ሌላ ወረቀት ስቦ እየጻፈ ተናገረ።

«ይህች ዓይነት ታንኳ የእርስዎ ብቻ ትሁን ይላሉ» አለ ተክለ ጊዮርጊስ። «ሌላ ሰው የሠራ እንደሆነ ይቀጣል። ትልቅ ዕድል ነው፣ አያ!»

አያ አብዱልወሃብ ወረቀቱን እንደ ትኩስ ድስት በጣታቸው ጫፍ ገፉት።

«ወላሂ አልፈልግም! ሌላ ሰው ካልሠራት ጉድለቷን ማን ያሳየኛል?»

ሹሙ ትርጉሙን ሲሰማ አብደዋል እንደ ማለት ጣቱን በግንባሩ ላይ አዙሮ በእጁ ውጡ አለን።

ደጃፉ ላይ ስንደርስ ተክለ ጊዮርጊስ ከኋላችን ሮጦ መጣ። ግራና ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አያ፣ ከእንፍራንዝ በታች ወንድም አለኝ፤ በባሕሩ እህል ያመላልሳል። እንዴት እንደምትታሰር ቢያሳዩኝ?»

አያ ከእጁ ሁለት እርሳስና የመዝገብ ማሰሪያ ክር ነጥቀው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ተክለ ጊዮርጊስ በተተኮሰ ካኪው አጠገባቸው ቁጢጥ አለ፤ እኔም በሌላው ጎን። ክሩን ከታች አስገቡ፣ በላይ አወጡ፣ አጠላልፈው ሳቡት።

እኔ ውኃ የምፈራ ሰው ነኝ፤ ታንኳ ኖሮኝ አያውቅም፤ አይኖረኝምም። ቋጠሮው ደግሞ በመጀመሪያው ጊዜ ገብቶኝ ነበር። ሆኖም አንገታቸው ወደ ግራ ዘንብሎ ማየት ስላማረኝ፣ «አያ፣ አልገባኝም፤ እንደገና ያሳዩኝ» እያልሁ ሦስት ጊዜ አስደገምኋቸው።