የጋሽ ታምራት መስመር

እናንተ ኢንተርኔት ሲቋረጥባችሁ ማንን ትጠረጥራላችሁ? ሌላው ሰው ኩባንያውን ይራገማል። እኛ የለንደን አበሾች ግን ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ወዲህ ጥርጣሬያችን ከመንግሥት በታች አይወርድም።

ቶተንሃም የሚኖሩት ጋሽ ታምራት ሳሎናቸው ውስጥ ሰርቨር አስቀምጠው አመሻሽ ላይ መንግሥትን የሚተች ሬዲዮ በኢንተርኔት ያሰራጫሉ። ወሬው ሞቅ ሲል መስመሩ ድርግም ይላል።

"አየህ? እነሱ ናቸው። ፈርተውናል!" ይሉኛል። ይቆጣሉ፤ ፊታቸው ግን ይበራል። መቼም ማንም የማይፈራውን ሰው መስመር ማን ይቆርጣል?

አንድ ቀን መስመሩን ቼክ ላደርግላቸው ሄድኩ። ስርጭቱ ሞቅ እንዳለ የመኝታ ቤቱ ስልክ ጮኸ፤ ኢንተርኔቱም ያኔውኑ ጠፋ። ጋሽ ታምራት ስልኩን አነሱ።

"በላሁ እኮ! አሁን ሥራ ላይ ነኝ!"

ባለቤታቸው ነበሩ። ካምደን ከሚሠሩበት ሆስፒታል በእረፍታቸው ሰዓት እየደወሉ ራት መብላታቸውን ይጠይቋቸዋል። ያ ስልክ ደግሞ የስልኩን መስመር ከኢንተርኔቱ የምትለየው፣ ፊልተር የምትባለው ትንሽ ዕቃ አልተገጠመችለትም፤ ስለዚህ በጮኸ ቁጥር ኢንተርኔቱን ይጥለዋል። ያ ሁሉ የጠላት ሴራ እንግዲህ ይኸው ነው።

ፊልተሯን ገጠምኩ። ስልኩ ደግሞ ጮኸ፤ መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ምርቃት ስጠብቅ፣ ጋሽ ታምራት ወንበራቸው ላይ ኩርምት አሉ።

"ታዲያ... እስከ ዛሬ ማንም አልነካንም ማለት ነው?"

ምነው እጄን በቆረጠው!

አሁን ስርጭቱ ባለቀ ቁጥር ይደውሉልኛል።

"ዛሬም አልተቋረጠም" ይሉኛል፣ መርዶ በሚያረዳ ሰው ድምፅ።