የጀሪካኖቹ ወረፋ

(ፍኖተ ሰላም፣ የጥበብ ዐውደ ርዕይ የሚታይበት የአዳራሽ ግቢ። ስልሳ ባዶ ቢጫ ጀሪካኖች ከአንድ ቧንቧ ፊት ተሰልፈዋል፤ ከጎናቸው «ወረፋ ይያዙ» የሚል ሰሌዳ ቆሟል። አስጎብኚው መምህር መንበሩ ነገ የማኅበር ተረኛ ነው፤ ቤቱ ውሃ ከጠፋ ደግሞ አራተኛ ቀኑ። ጭንቁን ለመርሳት ሲል ለመጣው ሁሉ ያብራራል። ከጅጋ የመጡት ገበሬ አቶ አድማሴ ግን የራሳቸውን ጀሪካን ከሰልፉ ጫፍ አስቀምጠው፣ አጠገቡ ቁጢጥ ብለዋል።)

መንበሩ፦ አባቴ፣ ስንቴ ልንገርዎ! ይህ ወረፋ አይደለም።

አድማሴ፦ ወረፋ ካልሆነ ለምን ተሰለፈ?

መንበሩ፦ ጥበብ ነው! ዕቃ ደርድሮ ሐሳብ ማሳየት፤ ኢንስታሌሽን ይባላል።

አድማሴ፦ ይባል። ውሃው በስንት ሰዓት ይመጣል?

መንበሩ፦ አይመጣም! ቁም ነገሩ አለመምጣቱ ነው። ሰው ደኑን ጨፈጨፈ፣ ምንጩ ደረቀ፣ ጀሪካኑ ባዶውን ቀረ። ገባዎት?

አድማሴ፦ የምንጭ መድረቅንማ እኔ ልንገርህ። ከምንጫችን ዳር ባሕር ዛፍ ተክለን ያደረቅነው እኛው ነን። ይህን ለማወቅ ስልሳ ጀሪካን አላስፈለገንም።

መንበሩ፦ (ለራሱ) ወይ ፈተና! (ጮክ ብሎ) በሉ ያንሡልኝ፤ ጎብኚ ይደናገራል።

አድማሴ፦ አላነሣም። አህያዬ በሩ ላይ ታስራ ጠምቷታል። ከፊቴ ያለው ጀሪካን የማን ነው?

መንበሩ፦ የማንም! የሰው ልጅ ሁሉ ነው!

አድማሴ፦ ታዲያ ሁሉም ወዴት ሄደ? ውሃው ሲመጣ ማን ሊቀዳለት ነው?

መንበሩ፦ ኧረ በማርያም! ሰሌዳው ራሱ ምጸት ነው። «ይያዙ» ይላል፤ አትያዙ ማለቱ ነው።

አድማሴ፦ እኛ ዘንድ ያዙ ከተባለ ይያዛል።

(የመንበሩ ስልክ ይጮኻል። ባለቤቱ ቻይነሽ ናት። ቧንቧውን ተደግፎ ያነሣል።)

መንበሩ፦ አቤት ቻይንዬ... ውሃ? እየፈለግሁ ነው እኮ... ኧረ ቧንቧ የሚባል ነገር በዓይኔም አላየሁ! (ይዘጋል።)

አድማሴ፦ ተደግፈኸው የለም እንዴ?

መንበሩ፦ ምኑን?

አድማሴ፦ ቧንቧውን።

መንበሩ፦ ይህ ቧንቧ አይደለም፤ የቧንቧ ሐሳብ ነው!

አድማሴ፦ ከፍተህ ሞክረኸዋል?

መንበሩ፦ ጥበብ አይነካም! አምስት ቀን ሙሉ ስንት የተማረ ሰው ከፊቱ ፎቶ ተነሥቶ ሄደ፤ እጁን የሰደደ የለም።

አድማሴ፦ አንተዬ፣ ከቧንቧው አፍ ላይ ንብ ሰፍሯል። ንብ ደግሞ ፎቶ ሊነሣ አይመጣም።

(የሥራው ባለቤት፣ ወጣቷ ሠዓሊ ሕሊና፣ እየሮጠች ትመጣለች።)

ሕሊና፦ ይህን ጀሪካን ያስቀመጠው ማን ነው?

መንበሩ፦ ይቅርታ ሕሊና! ነግሬያቸው ነበር፤ አልገባቸውም...

ሕሊና፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቴ! አምስት ቀን ሙሉ ወረፋ የሚይዝ ሰው ስጠብቅ ነበር። (የአድማሴን ጀሪካን አምጥታ ከቧንቧው ሥር ታኖራለች፤ ቧንቧውን ትከፍተዋለች። ውሃው ፏ ይላል።) በአዳራሹ ጣራ ላይ የጣለውን ዝናብ ሁሉ ከጀርባ ባለው ሮቶ አጠራቅሜዋለሁ። ያበላሸነው ብዙ ነው፤ ግን ሁሉም አላለቀም፤ ከፍቶ የሚያይ ጠፋ እንጂ። መምህር፣ የሰጠሁዎትን ወረቀት እስከ መጨረሻው አላነበቡትም?

መንበሩ፦ እ... መግቢያውን አንብቤዋለሁ። የቀረውን ከራሴ ሞላሁት።

አድማሴ፦ (ጀሪካናቸውን እየሞሉ) ተመስገን! አህያዬም ጥበብ ልትጠጣ ነው።

(መንበሩ ግራና ቀኝ አይቶ፣ ከሰልፉ አንዱን ጀሪካን ብድግ አድርጎ ወደ ቧንቧው ይጠጋል።)

መንበሩ፦ አባቴ፣ ነገ ማኅበር አለብኝ፤ አንዴ ብቻ ያስቀድሙኝ።

አድማሴ፦ ተው ልጄ! ከፊትህ የሰው ልጅ ሁሉ ተሰልፏል።

(መንበሩ አንገቱን ደፍቶ ጀሪካኑን ከሰልፉ ጫፍ ያስቀምጣል፤ እሱም አጠገቡ ቁጢጥ ይላል። አንድ ጎብኚ ገብቶ በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል፤ ካሜራውንም ያነጣጥርበታል።)

መንበሩ፦ እንዳታነሣኝ ወንድሜ! ጥበብ አይደለሁም፤ ወረፋ ይዤ ነው!